የተደፈነ ጆሮ በአፍንጫ በኩል ይከፈታል

ከሱሉልታ ተነሥቶ የእንጦጦን ሰንሰለት አቋርጦ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮው ድፍን ይልበታል፤ ምራቁን ሲውጥ ደግሞ «ጧ» ብሎ ይከፈትለታል። ጤነኛ በሆነበት ሰሞን ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጉንፋን ሲይዘው ግን ያው ጆሮ ተደፍኖ ይውላል፣ ተደፍኖም ያድራል፤ የራሱ ድምፅ ከጋን ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ ይሰማዋል፤ በሦስተኛው ቀን ክብሪት ወይም የእስክሪብቶ ክዳን ይዞ ጆሮውን መጎርጎር ይጀምራል። የዚህ መመሪያ ዓላማ ጉርጎራው ለምን እንደማይጠቅም ማስረዳትና በቤት፣ በመንገድና በጤና ተቋም ምን በምን ቅደም ተከተል መደረግ እንዳለበት ማሳየት ነው።

ቱቦው የት እንዳለ ማወቅ

ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ አየር የሞላባት ትንሽ ክፍል አለች፤ መካከለኛው ጆሮ ትባላለች። ይህች ክፍል ከውጭው አየር ጋር የምትገናኘው በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነው። መተላለፊያው ከአፍንጫ በስተኋላ፣ ከላንቃ በላይ ካለው የጉሮሮ ክፍል የሚነሣ ሲሆን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ የአካል ጥናት ሊቅ በባርቶሎሜዎ ኡስታኪ ስም ዩስታሺያን ቱቦ ተብሎ ይጠራል። በዐዋቂ ሰው ርዝመቱ 3.5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በጆሮ በኩል ያለው ሲሶው በአጥንት ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ወደ አፍንጫ የሚያመራው ቀሪው ክፍል ግን ልም አጥንትና ሥጋ ስለሆነ ተጣብቆ ይኖራል፤ የሚከፈተውም ስንውጥ ወይም ስናዛጋ የላንቃ ጡንቻዎች ሲስቡት፣ ያውም ከግማሽ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው።

ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል፤ በቀነሰ ቁጥር ይጠብቃል። ወደ ላይ ስንወጣ በመካከለኛው ጆሮ የታሰረው አየር ስለሚሰፋ ራሱ ቱቦውን ገፍቶ ይወጣል። ወደ ታች ስንወርድ ግን ውጭ ያለው አየር ይበረታና ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ለስላሳው የቱቦ ክፍልም ይበልጥ ይጣበቃል፤ ጡንቻ ካልሳበው በቀር የሚከፍተው የለም። አቀበት ሳያስቸግረን ቁልቁለት የሚያሳምመን በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩን በአሃዝ ለማየት ያህል፣ ከ3,000 ሜትር የእንጦጦ ከፍታ ቦሌ አካባቢ ወዳለው 2,330 ሜትር ገደማ የወረደና በመንገዱ ላይ ጆሮው አንድም ጊዜ ያልተከፈተ ሰው፣ በታምቡሩ ግራና ቀኝ 45 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል የግፊት ልዩነት ይኖርበታል። ልዩነቱ ወደ 90 ሚሊሜትር ሲጠጋ ቱቦው ስለሚቆለፍ ጡንቻዎቹ ሊከፍቱት አይችሉም። ስለዚህ የጆሮን ግፊት ማስተካከል፣ ሕመሙ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ችግሩ በእርግጥ የቱቦው መሆኑን መለየት

ጸጥ ባለ ክፍል ይቀመጡ፤ አፍዎን ዘግተው «እምምም» እያሉ ያንጎራጉሩ። ድምፁ በተደፈነው ጆሮ በኩል ጎልቶ ከተሰማዎ ችግሩ በድምፅ መተላለፊያው ላይ ነው፤ ይህም ማለት ቱቦው ተዘግቷል፣ ወይም ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ አለ፣ ወይም ኩክ ሞልቷል ማለት ነው። ድምፁ በደህናው ጆሮ በኩል ከጎላ፣ በተለይም የመስማት አቅምዎ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በድንገት ከወረደ፣ ችግሩ በውስጠኛው ጆሮ ወይም በነርቩ ላይ ሊሆን ስለሚችል ይህን መመሪያ አስቀምጠው በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ የመስማት መቀነስ የሚሰጠው ሕክምና የተሻለ ውጤት የሚኖረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው፤ «ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል» ተብሎ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ዕድሉ ይጠባል። ፍተሻው ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ በመሆኑ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው እርሱን ነው፤ ሆኖም የሐኪምን ምርመራ አይተካም።

ኩክን ከቱቦ መዘጋት ለመለየት መዋጥ ይረዳል። ጆሮው የተደፈነው ገላ ከታጠቡ በኋላ ከሆነና ሲውጡም ሆነ ሲያዛጉ ምንም ለውጥ ከሌለው ኩክ ሳይሆን አይቀርም፤ ጤና ጣቢያ አይተው ያጥቡልዎታል። በመዋጥ ጊዜ የሚንቋቋ፣ አንዴ ተከፍቶ መልሶ የሚዘጋ ከሆነ ግን ነገሩ የቱቦ ነው።

ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚጨመር ነገርን በተመለከተ፣ የጤና አዳም ጭማቂም ሆነ የሞቀ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ቅቤ ወደ ቱቦው ሊደርስ አይችልም፤ በመካከል ታምቡሩ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ግድግዳው ተቀዶ ከሆነ ደግሞ የጨመርነው ነገር ገብቶ ጉዳት ያደርሳል። እንጥል ማስቆረጥም ለጆሮ ምንም አይፈይድም፤ ትርፉ መድማትና ቁስለት ነው።

ደረጃ 2፦ አፍንጫን ማዘጋጀት

የቱቦው አፍ የሚገኘው ከአፍንጫ በስተኋላ ስለሆነ፣ አፍንጫ ሲያብጥ እርሱም ያብጣል። በከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች አይደለንም። እኔ የምኖርበት ሰፈር ገና አስፋልት አልደረሰውም፤ በበጋ አንድ የአሸዋ መኪና ባለፈ ቁጥር በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ አቧራ ይለብሳል፤ በክረምት ደግሞ ጉንፋኑ ከቤት ቤት ይዞራል። የከሰልና የማገዶ ጢስ፣ ሲጋራ፣ በተዘጋ ክፍል የሚጨስ ዕጣን ሁሉ የአፍንጫን ሽፋን ያስቆጣሉ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ የቀረው የኅዳር 12 ጢስ፣ በሽታ ያባርራል ተብሎ የሚጨስ ቢሆንም፣ አፍንጫው ለሚቆጣ ሰው በዓመቱ ካሉት ክፉ ቀናት አንዱ ነው። ቡና ሲፈላ መስኮት መክፈትና አቧራማ መንገድ ላይ አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ቀላል ቢመስልም ከብዙ መድኃኒት ይሻላል።

አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ እንዲህ ይከናወናል። ሩብ ሊትር ውኃ ያፍሉ፤ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ እሳት ላይ ያቆዩት። በቆላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በእኛ አገር ከፍታ ግን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገዋል። ያልፈላ የቧንቧም ሆነ የሮቶ ውኃ ወደ አፍንጫ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ውኃው ለብ ሲል ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ጨው ይጨምሩና እስኪሟሟ ያማስሉ። መርፌ የሌለው ንጹሕ ሲሪንጅ ይሙሉ፤ ሳፋ ላይ አጎንብሰው ራስዎን ወደ ጎን ዘንበል ያድርጉ፤ አፍዎን ከፍተው በአፍዎ እየተነፈሱ ከላይ ባለው የአፍንጫ ቀዳዳ ቀስ አድርገው ይጨምሩ። ውኃው በታችኛው ቀዳዳ ይወጣል። ጆሮዎ ላይ ግፊት ከተሰማዎ ያቁሙ፤ ኃይል ጨምረዋል ማለት ነው። ሲጨርሱ አንዱን ቀዳዳ ይዘው ሌላውን በእርጋታ ይናፈጡ፤ ሁለቱንም ጨፍኖ በኃይል መናፈጥ ንፍጡን ወደ ጆሮ ይነዳዋል። መንገድ ያለብዎ እንደሆነ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ይጨርሱ።

በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያለው የአፍንጫ ጠብታ እብጠቱን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚቀንስ፣ ከቁልቁለት ወይም ከአውሮፕላን መውረድ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት መጠቀም ሊረዳ ይችላል። ችግሩ ሰው ይወደዋል፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፈ ግን አፍንጫው ራሱ ያለ ጠብታው መተንፈስ ያቅተዋል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የዓይን ግፊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለ ባለሙያ ምክር አይጠቀሙበት። አለርጂ ላለበት ሰው ሐኪም የሚያዝዘው የስቴሮይድ ስፕሬይ ከዚህ የተለየ ነው፤ በየቀኑ የሚወሰድ ሲሆን ውጤቱ እስኪታይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ሲረጩ በቀኝ እጅ የግራውን ቀዳዳ፣ በግራ እጅ የቀኙን ይያዙ፤ ጫፉም ወደ አፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ቱቦውን መክፈት

ከቀላሉ ይጀምሩ። ውኃ ጥቂት በጥቂት ይጎንጩ፣ ማስቲካ ያኝኩ ወይም ከረሜላ ይምጠጡ፤ ከዚያም መንጋጋዎን ወደ ፊት አውጥተው ለማዛጋት ይሞክሩ፤ በውሸት የጀመረው ማዛጋት ብዙ ጊዜ እውነተኛውን ይጠራል። ጾም ላይ ያለ ሰው በምራቁና በማዛጋቱ ይጠቀም።

ይህ ካልበቃ አፍንጫዎን በሁለት ጣት ጨፍነው፣ አፍዎን ዘግተው ይዋጡ። ከሁሉም ዘዴዎች የማስቀድመው ይህን ነው፤ ግፊት ሳይጨምር ጡንቻውን ያሠራልና።

የመጨረሻው ዘዴ ጣሊያናዊው ሐኪም አንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ እ.ኤ.አ. በ1704 የገለጸው ነው። አፍንጫን ጨፍኖ፣ አፍን ዘግቶ፣ ለመናፈጥ እንደሚደረገው ወደ አፍንጫ በቀስታ መንፋት ነው። «በቀስታ» የሚለው ቃል በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ጉንጭ እስኪወጠር፣ ፊት እስኪቀላ መንፋት አያስፈልግም፤ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይም አይቆይም። አፍንጫው መግል የመሰለ ንፍጥ ያለበት፣ በቅርቡ የጆሮ ወይም የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ዘዴ ይተወው።

ይህን የምጽፈው ራሴ ተሳስቼ ስለተማርኩት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉንፋን ይዞኝ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ስሄድ ጎሐ ጽዮን ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት ዓባይ ድልድይ አጠገብ፣ የቀኝ ጆሮዬን በወስፌ የተወጋሁ ያህል ሲያመኝ ነበር። ያ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ስለሆነ ተኝቶ ያልዋጠ ሰው ቱቦው ተቆልፎበት ይነቃል። እኔም አፍንጫዬን ጨፍኜ ባለ በሌለ ኃይሌ ነፋሁ፤ ጆሮዬ አልተከፈተም፤ ይልቁንም አውቶቡሱ የተገለበጠ እስኪመስለኝ ድረስ ራሴ ዞረ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት «ተው ልጄ፣ እንዲህ አይታገሉትም» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቆሎ ፈትተው አንድ እፍኝ ሰጡኝ። ማኘኩ ወዲያው አልከፈተውም፤ ወደ ደጀን አቀበቱን ስንወጣ ግን ሕመሙ እየቀለለ ሄደ፤ ምክንያቱም የውጭው ግፊት እንደገና ወርዶ ከጆሮዬ ውስጥ ካለው ጋር ተቀራረበ። መደፈኑ ከነጭርሱ የለቀቀኝ በዘጠነኛው ቀን ነው።

ደረጃ 4፦ በመንገድና በአውሮፕላን ላይ ጊዜን መጠበቅ

በመኪና ሲሄዱ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነቅተው ይቀመጡ፤ ጆሮዎ ድፍን እስኪል ሳይጠብቁ በየሁለት ወይም በየሦስት ደቂቃው ይዋጡ። ከቃሊቲ ወደ አዳማ የሚወስደው መንገድ በ600 ሜትር ያህል ቢወርድም በሰፊ ርቀት ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። እንደ ዓባይ ባለው ገደል ሕመም ከጀመረዎ ሹፌሩ ለአፍታ እንዲያቆም ይጠይቁ፤ መኪናው ሲቆም የግፊቱ መጨመር ይቆማልና እየዋጡ ልዩነቱን ለማጥበብ ጊዜ ያገኛሉ።

ስለ አውሮፕላን የሚነገረው ምክር በአብዛኛው የተዘጋጀው በባሕር ጠረፍ ለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ ከቦሌ ለሚነሣ ሰው ነገሩ ይለያል። የአውሮፕላን ካቢኔ ከፍ ብሎ በሚበርበት ጊዜ ውስጡ ያለው ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር እንዲመሳሰል ይደረጋል፤ እንደ ቦይንግ 787 ያሉት አውሮፕላኖች ወደ 1,800ው ይጠጋሉ። ቦሌ ራሱ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ስንነሣ የጆሯችን ግፊት እምብዛም አይለወጥም፤ እንዲያውም በ787 ውስጥ ሳለን ካቢኔው ከአዲስ አበባ «ዝቅ ያለ» ነው። ሕመሙ የሚመጣው ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ጅቡቲ ስናርፍ፣ ግፊቱ እስከ ባሕር ወለል ሲጨምር ነው። ስለዚህ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚሄድ ሰው ሲነሣ ደህና ስለሆነ ብቻ ተዘናግቶ መተኛት የለበትም፤ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር፣ ማለትም ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ እንዲቀሰቅሱት ለጎረቤቱ ወይም ለአስተናጋጇ ይንገር። ወደ ቦሌ ሲመለስ በአንጻሩ ጆሮው እምብዛም አያስቸግረውም። ከባድ ጉንፋን የያዘው ሰው ጉዞውን ለጥቂት ቀን ማዘግየት ከቻለ ያዘግይ።

ደረጃ 5፦ ለልጆች

የሕፃን ቱቦ ከዐዋቂ ቱቦ በግማሽ ያህል ያጠረና ወደ አግድም የተጋደመ በመሆኑ የጉሮሮ ፈሳሽ በቀላሉ ወደ ጆሮው ይገባል። ጡጦ የሚጠባን ልጅ በጀርባው አስተኝቶ ማጥባት አይገባም፤ ራሱ ከፍ ይበል። በቁልቁለትና በአውሮፕላን መውረጃ ጊዜ ጡት ማጥባት ከሁሉ የተሻለ መላ ነው፤ መዋጡም መጽናናቱም በአንድ ላይ ይገኛል። የሚያለቅስ ሕፃንም በማልቀሱ ቱቦውን ይከፍታልና በዚህ አይደንግጡ።

ከጉንፋን በኋላ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ የቀረበት ልጅ ሕመም ላይኖረው ይችላል። ቴሌቪዥኑን ጠጋ ብሎ ያያል፤ ከኋላው ሲጠሩት ዝም ይላል፤ መምህሩም «አይከታተልም» ይላሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመቆጣት በፊት ጆሮውን ማስመርመር ይገባል። ፈሳሹ በአብዛኛዎቹ ልጆች እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ራሱ ይጠፋል። አፉን ከፍቶ እያንኮራፋ የሚተኛ ከሆነ አዴኖይዱ (ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው ሥጋ) አድጎ የቱቦውን አፍ ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ። ግፊት ብቻ ላለበት ጆሮ አሞክሳሲሊን በራስ ፈቃድ ገዝቶ መስጠት ጥቅም የለውም።

ደረጃ 6፦ ወደ ሐኪም መሄድ

ከጉንፋን ጋር የመጣ መደፈን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ካልቀነሰ፣ ቢበዛ ከሦስት ሳምንት ሳያልፍ መታየት አለበት። መግል ወይም ደም ከጆሮ ከወጣ፣ ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ካበጠና ከቀላ፣ ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ ብርቱ ራስ ማዞር ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለ ግን ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ ይሂዱ።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታም አለ። የራስዎ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ትንፋሽዎም ጆሮዎ ውስጥ የሚያስተጋባ ከሆነና ጋደም ሲሉ ወይም ሲያጎነብሱ የሚጠፋ ከሆነ፣ ቱቦው የተዘጋ ሳይሆን አልዘጋ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ክብደት በብዛት በቀነሱ ሰዎችና በነፍሰ ጡሮች ላይ ይታያል። የአፍንጫ ጠብታ ይህን ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም።

መንገዱ ብዙውን ጊዜ ከጤና ጣቢያ ይጀምርና በሪፈር ከአንገት በላይ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ያደርሳል፤ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ክፍሉ ካላቸው መካከል ናቸው። መደፈኑ መቼ እንደጀመረ፣ በየትኛው ጆሮ እንደሆነ፣ ሲውጡ ይለወጥ እንደሆነና የተጠቀሙባቸውን ጠብታዎች ስም ጽፈው ይሂዱ። ቲምፓኖሜትሪ የተባለው ምርመራ ሕመም የለውም፤ ጆሮ ውስጥ ለስላሳ ጫፍ ይገባና መሣሪያው በወረቀት ላይ መስመር ይስላል። መስመሩ በመካከል እንደ ኮረብታ ከቆመ ዓይነት ኤ ይባላል፤ የታምቡሩ ግፊት ደህና ነው። ኮረብታው ወደ ግራ ከሸሸ ዓይነት ሲ ነው፤ በውስጥ ያለው ግፊት ወርዷል፣ ቱቦው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። መስመሩ እንደ ሜዳ ከተኛ ዓይነት ቢ ነው፤ ፈሳሽ አለ ወይም ታምቡሩ ተቀዷል። ፈሳሹ ለወራት ካልለቀቀ ሐኪሙ በታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ሊያስገባ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ራሷ ትወድቃለች። በዐዋቂ ሰው አንድ ጆሮ ብቻ ሜዳ መስመር ካሳየና ካልተሻሻለ፣ በተለይም ነስር ወይም የአንገት እብጠት ካለ፣ ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው የቱቦው አፍ አካባቢ ዕጢ እንዳይኖርበት በመሣሪያ ታይቶልዎት እንደሆነ ሐኪሙን ሳያፍሩ ይጠይቁ።